ቡንከር ከደረሰህ፦ ታች ተኛ፣ ላይ ኑር

ስዊዘርላንድ ጥገኝነት ጠይቀህ፣ ካምፑ ሞልቷል ተብሎ ቡንከር ከተመደብክ መጀመሪያ ይህን እወቅ። የገባህበት ቦታ ለመኖሪያ አልተሠራም። የኒውክሌር መጠለያ ነው። አገሪቱ ከ1963 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለእያንዳንዱ ነዋሪ የመጠለያ ቦታ እንዲኖር በሕግ አስገድዳለች። ዛሬ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ ቦታ አለ፤ ማለትም ሕዝቡ በሙሉ መሬት ውስጥ ይገባል። አብዛኛው በየመኖሪያ ቤቱ ሥር ያለ ትንሽ ክፍል ነው። ትልልቆቹ የሲቪል ጥበቃ መጠለያዎች ግን በየትምህርት ቤቱ፣ በየስፖርት አዳራሹና በየመኪና ማቆሚያው ሥር ተቀብረዋል፤ ስደተኛ ሲበዛ የሚከፈቱት እነሱ ናቸው። በ2015 አካባቢ እንዲያ ነበር፣ በ2022 እና በ2023ም እንደገና ተከፈቱ።

መጠለያው ሲታሰብ ስሌቱ በቀንና በሳምንት ነበር። የኒውክሌር ቦምብ ሲፈነዳ የሚዘንበው የጨረር አቧራ ቶሎ ነው የሚደክመው። በመጀመሪያው ሰዓት ከነበረው ጨረር 7 ሰዓት ሲሞላ በግምት አንድ አሥረኛው ይቀራል፣ በሁለት ቀን አንድ መቶኛው፣ በሁለት ሳምንት አንድ ሺህኛው። ስለዚህ ሰው ቢበዛ ሳምንታት ይታፈናል፣ ከዚያ ይወጣል። አንተ ግን ወራት ልትቆይ ትችላለህ።

ሁለት ሳምንቱንም ቢሆን ያቀዱት ሰዎች ቀላል ነው ብለው አልናቁትም። አሜሪካኖች በ1959 ካሊፎርኒያ ውስጥ 100 እስረኞችን፣ በ1962 ደግሞ ሜሪላንድ ቤተዝዳ ላይ 100 መርከበኞችን ለሁለት ሁለት ሳምንት መጠለያ ውስጥ ዘግተው ሰው ምን እንደሚሆን አይተዋል። ለሕዝብ መጠለያዎቻቸው ባዘጋጁት የመድኃኒት ሳጥን ውስጥም ፌኖባርቢታል ነበረበት። አዎ፣ አገር ቤት ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው። እነሱ ያስቀመጡት ግን ለማረጋጊያ ነው። እንግዲህ በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ ቢጠፋ፣ በትንሽ ነገር ብትቆጣ፣ ያለ ምክንያት እንባህ ቢመጣ «ምን ሆኛለሁ?» ብለህ ራስህን አትውቀስ። ችግሩ ከቤቱ ነው።

ቤቱን መቀየር አትችልም፣ ቢያንስ ለጊዜው። ኑሮህን ከቤቱ ማውጣት ግን ትችላለህ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚቀዳ ነው፤ ቡንከሩ አልጋህ ይሁን እንጂ ቤትህ አይሁን። የምጽፈው እንደ ወንድም ነው፣ ምክንያቱም እዚያ የሚላኩት በብዛት ብቻቸውን የመጡ ወንዶች ናቸው። እህቴ፣ አንቺም ከደረሰሽ ያው ነው።

ብርሃን

ሚሼል ሲፍር የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ1962 ሰዓት ሳይዝ ሁለት ወር ዋሻ ውስጥ ተቀመጠ። ሴፕቴምበር 14 ቀን ሲያወጡት እሱ በራሱ ቆጠራ ገና ኦገስት 20 ላይ ነበር። ሃያ አምስት ቀን የት እንደገባ አላወቀም። አንተ ስልክ አለህ፣ ቀኑ አይጠፋህም። ሰውነትህ ግን ሰዓቱን የሚያነበው ከስልክ ሳይሆን ከብርሃን ነው። እኛ ደግሞ ከልጅነታችን ሰዓት የቆጠርነው ከፀሐይ መውጫ ነው፤ ታች ግን ጠዋት አንድ ሰዓትም ማታ አንድ ሰዓትም ያው አንድ ነጭ መብራት ነው።

ስለዚህ በነቃህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውጣ። ጉም ቢሆንም፣ ቢዘንብም፣ ቁርስ ባትበላም ውጣ። ደመና የሸፈነው ጠዋት እንኳ ከቡንከሩ መብራት በብዙ እጥፍ ይበራል። በር ላይ ቆሞ ሲጋራ ማጨስ መውጣት አይደለም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተራመድ። በዲሴምበር ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ ነው፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ በዚህ ወቅት እስከ ቀትር የተኛ ሰው ቀኑን በሙሉ ሳያየው ያልፋል። እንዲህ ሦስት አራት ቀን ካደረግክ ሌሊቱ ቀን ይሆንብሃል፣ ከዚያ መመለሱ መከራ ነው።

ሐኪም ስታገኝ ቫይታሚን ዲ ጠይቅ። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ የዚህ አገር የክረምት ፀሐይ ደግሞ ደካማ ናት። ጠብታ ይሰጡሃል፣ ርካሽ ነው።

ቀኑን የት ታሳልፋለህ

«ነገ ጠዋት የት ነህ?» ብዬ ብጠይቅህ መልስ ሊኖርህ ይገባል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቦታ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ለመግባት ገንዘብ አይጠይቅም፣ ይሞቃል፣ ዋይፋይ አለው፣ መስኮት አለው። መስኮት ያልኩት ለቀልድ አይደለም። በጎ ፈቃደኞች የሚሰጡት የቋንቋ ትምህርት፣ ኳስ፣ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ሁሉም ይሆናል። እምነትህ ባይጠነክርም ሂድ፤ እሁድ ከሰው ጋር ምሳ መብላት ራሱን የቻለ ሕክምና ነው።

የፌደራል ካምፕ ውስጥ፣ ማለትም ጥገኝነት ጠያቂ መጀመሪያ በሚገባበት የመንግሥት ማእከል ውስጥ፣ እስካለህ ድረስ ተቀጥረህ መሥራት አይፈቀድልህም። እንጨት መቁረጥ፣ መናፈሻ ማጽዳት ወይም ወጥ ቤት ማገዝ የመሳሰለ የካምፕ ሥራ ካለ ግን ስምህን አስመዝግብ። ክፍያው ያስቃል። ሆኖም ጠዋት የሚጠብቅህ ሰው መኖሩ ከክፍያው ይበልጣል።

እንቅልፍ

ታች ዝምታ የለም። የአየር ማስገቢያው ማሽን ቀንና ሌሊት ይጮኻል፣ የብረት አልጋው ከላይ ያለው ሰው በዞረ ቁጥር ይንቋቋል፣ አንዱ ያንኮራፋል፣ ሌላው በለሆሳስ አገር ቤት ይደውላል። ማሽኑን እንደ ጠላት አትየው፣ የምትተነፍሰው በእሱ ነው። በረደኝ ብሎ የአየር መውጫውን በጨርቅ የሚወትፍ ሰው ካለ በትህትና አስቁመው።

የጆሮ መድፈኛ ግዛ። ሱፐርማርኬትም ፋርማሲም አለ። ብዙ ሰው ይገዛውና «አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል፤ ምክንያቱም እንዴት እንደሚገባ ያሳየው የለም። ስፖንጅ የሚመስለውን ዓይነት በንጹሕ ጣቶችህ እያንከባለልክ እንደ ክብሪት እንጨት እስኪቀጥን ጨምቀው። ቀኝ ጆሮህ ከሆነ ግራ እጅህን በራስህ ላይ አሻግረህ የጆሮህን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፣ በቀኝህ አስገባው፣ እስኪያብጥ ድረስ በጣትህ ይዘህ ጠብቅ። ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ትሰማዋለህ። ስልክህን ለመቀስቀሻ በንዝረት አድርገህ ትራስህ ሥር አስገባው፣ አለዚያ አትነሣም።

አልጋ የመምረጥ ዕድል ካገኘህ፣ መታፈን የሚያስጨንቅህ ከሆነ የላይኛውን አትውሰድ፤ ጣሪያው አፍንጫህ ላይ ነው። በር አጠገብ ያለው ይረበሻል፣ ግን መውጫው ይታይሃል። ለአንዳንድ ሰው እሱ ይሻላል። አልጋህን በአንሶላ ለመጋረድ ጥበቃዎቹን ጠይቅ፣ እሳት ፈርተው ሊከለክሉ ይችላሉ። ከፈቀዱልህ ያቺ አንድ ጨርቅ የምትሰጥህን እፎይታ አታምንም። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ማንም የማያይህ ቦታ እሷ ብቻ ናት።

ደረት ሲጨንቅ

ያ ወፍራም የኮንክሪት በር ስታየው የሚዘጋብህ ይመስላል። በሮቹ ከውስጥ እንዲከፈቱ ሆነው ነው የተሠሩት። በዚያ ላይ የስዊስ መጠለያ ሌላ የድንገተኛ መውጫ አለው። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ሠራተኛ አሳየኝ በለውና በእግርህ ሄደህ እየው፣ ከአልጋህ እስከ መውጫው ስንት እርምጃ እንደሆነ ቁጠር። ሌሊት ስትደነግጥ ጭንቅላትህ መንገዱን አስቀድሞ ያውቀዋል።

የብዙዎቻችን ችግር ግን ከበሩ አይጀምርም። በሊቢያ የመጣህ ከሆነ፣ ቤኒ ወሊድ ወይም ኩፍራ የደላሎች መጋዘን ውስጥ የተቀመጥክ ከሆነ፣ ቡንከሩ ያንን ሁሉ ይቀሰቅሰዋል። መስኮት የለም፣ ወንዶች ተደርድረው ተኝተዋል፣ የብረት በር ይጮኻል፣ ቁልፍ የያዘ ሰው ኮሪደሩ ላይ ይሄዳል። አእምሮህ ስዊስ አገር መሆንህን ቢያውቅም ሰውነትህ ገና አልደረሰም። ልብህ ይመታል፣ እጅህ ይደነዝዛል፣ የምትሞት ይመስልሃል። አትሞትም። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ወጥቶ የሚወርድ ነገር ነው።

ሲመጣብህ ተነሥተህ ተቀመጥ፣ ባዶ እግርህን ወለሉ ላይ አድርግ። ቅዝቃዜው ይሰማህ። አየር ስታስገባ እስከ አራት ቁጠር፣ ስታስወጣ እስከ ስድስት፤ ማስወጣቱ ነው የሚረዝመው። ከዚያ ድምፅ አውጥተህ፣ በሹክሹክታም ቢሆን፣ ያለህበትን ከተማ ስምና የዛሬን ቀን ተናገር። «ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ሉዘርን ነኝ፣ በሩ ክፍት ነው።» የቂል ሥራ ይመስላል፣ ይሠራል። ካልበረደልህ ወደ ላይ ውጣ። ለዚህ ከሌሊት ጥበቃው ጋር አስቀድመህ ተነጋገር፣ በዚያ ሰዓት ማስረዳት አትችልምና። በጀርመንኛው አካባቢ «ኢሽ ሙስ ራውስ»፣ በፈረንሳይኛው «ዠ ዱዋ ሶርቲር» በል። ሁለቱም መውጣት አለብኝ ማለት ናቸው። ሌላ ምንም ባትችል እነዚህን ያዝ።

ይህ ከተደጋገመ ሐኪም ጋ ሂድ። ጥገኝነት ጠያቂ የጤና መድን አለው፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላለህ። እኛ ሐኪም ፊት ስንቀርብ «ራሴን ያመኛል፣ ሆዴን ያቃጥለኛል» ብለን የመውጣት ልማድ አለን። እንዲህ ካልክ የራስ ምታት ኪኒን ይዘህ ትመለሳለህ። ሊቢያን ንገረው። ስለ ቅዠቱ፣ ታች መተኛት ስለማቃትህ ንገረው። ከዚያ በጤና ምክንያት መስኮት ያለው ቤት እንዲሰጡህ የሚል ደብዳቤ ጠይቅና ለሶሻልህ፣ ማለትም ጉዳይህን ለያዘው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ አስገባ፣ ኮፒውን አስቀር። ሁልጊዜ ይሳካል አልልህም፤ በአፍ ከመለመን ግን እጅግ ይሻላል። የስዊስ ቀይ መስቀል ስቃይና ጦርነት ለደረሰባቸው ሰዎች በርን ላይ ልዩ የሕክምና ክፍል አለው፣ ሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ አሉ። ሐኪሙ እንዲልክህ ጠይቀው።

ራስህን ስለ መግደል ማሰብ ከጀመርክ ነገ አትበል። 144 አምቡላንስ ነው። 143 ሌሊትም ቀንም የሚሰማህ ሰው ያለበት ስልክ ነው፣ ግን በፈረንጅ ቋንቋ ነው የሚያወሩት፤ ቋንቋው ካስቸገረህ አጠገብህ ያለውን ሰው ቀስቅሰው። አልጋው ላይ ዝም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ፣ መብላት የተወ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል የጀመረ ጓደኛ ካየህ ደግሞ አንተው ጠይቀው። በቀጥታ ጠይቀው። ጥያቄው ሐሳቡን አይከትበትም።

ከሰው ጋር

ጠቡ የሚነሣው በትልቅ ነገር አይደለም። በቻርጅ መሰኪያ ነው። በሻወር ወረፋ፣ እርጥብ ጫማ መሃል ላይ በማውለቅ፣ ያለ ጆሮ ማዳመጫ ቲክቶክ በማየት። የአሜሪካ ዕቅድ ለአንድ ሰው አንድ ካሬ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቦታ ነበር የሚመድበው፤ እንዲህ ተጠጋግተህ ከሰው ጋር ስትኖር ደግ ሰውም ይነጫነጫል። ባለብዙ መሰኪያ ገመድ የሚገዛ ሰው የክፍሉ ሽማግሌ ይሆናል፣ እውነቴን ነው። ተዋጡና ግዙ፣ ከማገናኘታችሁ በፊት ግን ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ። ከክፍሉ ሁሉም የሚሰማው አንድ ሰው ምረጡ፣ ሐበሻ ባይሆንም፤ አፍጋኑም ኩርዱም የሚያከብሩት ሰው ቢሆን ይመረጣል። ከስንት ሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል፣ ስልክ የት ነው የሚወራው፣ ይህን ብቻ ተስማሙ።

ፖለቲካ መኝታ ክፍል አይግባ። አገር ቤት የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የአንዱ ወንድም በአንድ በኩል ሞቷል፣ የሌላው በሌላ በኩል፣ አሁን ሁለቱ አንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ ናቸው። ዜና ማየት ከፈለግክ ላይ ወጥተህ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ በቀን አንድ ጊዜ። ከመተኛትህ በፊት አይሁን።

ቡናን በተመለከተ ቆጣ ልበል። ከሰል ቡንከር ውስጥ አይቀጣጠልም። ለአንድ ስኒም ቢሆን፣ በር ተከፍቶም ቢሆን። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ የተኛውን ሰው እንደተኛ ነው የሚወስደው። ዕጣንም ተው፣ ማስጠንቀቂያው ይጮኽና ሌሊት ሁሉም ከነብርድ ልብሱ ውጭ ይሰለፋል። ቡናውን የተፈቀደ ወጥ ቤት ካለ እዚያ፣ ወይም ክፍል ያገኘ ጓደኛ ቤት አፍሉትና በፔርሙዝ ይዛችሁ መናፈሻ ሂዱ። ሦስቱንም ጠጡት፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሰው አፉን የሚፈታው ሁለተኛው ላይ ነው።

በቦታው ላይ ቅሬታ ካላችሁ ደግሞ አንድ ላይ ጻፉ። በ2015 ጄኔቫ ላይ ወደ ቡንከር አንወርድም ያሉ ስደተኞች ከደጋፊዎቻቸው ጋር ግሩትሊ የተባለውን የባህል ቤት ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ «ቡንከር ይብቃ» የሚለው ጥያቄ በመላ ከተማው የተሰማው ያኔ ነው። ሁሉም ያን ያድርግ አልልም። ግን የብዙ ሰው ፊርማ ያለበት ጨዋ ደብዳቤ አንድ ሰው ቢሮ ገብቶ ከሚጮኸው ይበልጣል።

ቤተሰብ፣ ወሬና መልስ መጠበቅ

ታች ኔትወርክ የለም ወይም ደካማ ነው፣ ስለዚህ እናትህ ደውላ ስታጣህ ትጨነቃለች። ሰዓት ስጣት። «በየቀኑ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ እደውላለሁ» በላትና በዚያው ሰዓት ደውል፣ ሁለታችሁም ታርፋላችሁ። የት እንደምታድር ዋሽቶ መኖር ያደክማል። ሐይቅ ዳር ተነሥቶ ፎቶ የሚለጥፍና ማታ ጉድጓድ የሚገባ ሰው ስንቱን ዓይተናል፤ ከዚያ አገር ቤት ያለው ሁሉ «ላክ» ይለዋል። ለሁሉም መናገር የለብህም። ለአንድ ሰው፣ ለታላቅ ወንድምህ ወይም ለአክስትህ፣ እውነቱን ንገር። ብር የሚጠይቁህን እሱ ወይም እሷ ይመልሱልህ።

ስለ ጉዳይህ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አስብ። ቀን ምረጥ፣ ሐሙስ ይሁን። ጥያቄህን ጽፈህ ለጠበቃህ አቅርብ፤ ከ2019 ወዲህ የፌደራል ካምፕ ውስጥ ጥገኝነት ለጠየቀ የሕግ ወኪል በነፃ ይመደባል። በቀረው ቀን «እገሌ በሦስት ወር ፖዘቲቭ መጣለት፣ እገሌ በአሻራው ዱብሊን ሆነ» የሚለውን የኮሪደር ወሬ አትስማ (ፖዘቲቭ ጥገኝነቱ ተፈቀደ፣ ኔጋቲቭ ተከለከለ፣ ዱብሊን ደግሞ መጀመሪያ አሻራ ወደ ሰጠህበት የአውሮፓ አገር ተመለስ ማለት ነው)። የእሱ ፋይልና የአንተ ፋይል አይገናኙም። ዕድሜህን የሚበላው ኔጋቲቩ ሳይሆን በየቀኑ አምስት ጊዜ እሱን መገመት ነው።

ኪኒንና ቢራ

አጭር ነው። ሱፐርማርኬት ያለው ርካሽ ቢራ ያስተኛል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ይቀሰቅሳል። ሊሪካ የሚሏትን ኪኒን ሰው ከኪሱ አውጥቶ ሲሰጥህ አትቀበል። ለሕመም በሐኪም ስትታዘዝ መድኃኒት ናት፣ ከመንገድ ስትገዛት ግን ትለምዳታለህ፣ ከመጠጥ ጋር ሲሆን ደግሞ ትንፋሽ ታቆማለች። ጫትም እዚህ አገር የተከለከለ ነው፣ በፋይልህ ላይ ችግር አትጨምር።

ከወጣህ በኋላ

ክፍል ሲሰጥህ በመጀመሪያው ቀን የሚፈታ ነገር አይደለም። ዝምታው ራሱ እንቅልፍ ሊነሣህ ይችላል፤ በማሽን ድምፅ ለከረመ ጆሮ ጸጥታ እንግዳ ነው። ከቻልክ ብቻህን አትሁን፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርገህ ተኛ፣ የጠዋት እርምጃህን አትተው። ታች የቀሩትን ጓደኞችህን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሻወርና ለምሳ ጥራቸው። ወር አልፎ ቅዠቱ ካልቀነሰ ለአዲሱ ሐኪምህ ንገረው፣ ቡንከር ውስጥ ስንት ወር እንደኖርክ ጨምረህ። አብራርተህ ንገረው ታዲያ፤ ብዙ ስዊሶች መጠለያ ሲባል ትዝ የሚላቸው ወይን ጠጅና የበረዶ መንሸራተቻ የሚያስቀምጡበት የራሳቸው ምድር ቤት ነው።